ከዚራን ለሚጎበኝ ክርስቲያን፦ የባቡር ከተማ ስለ እንግድነት ምን ታስተምረናለች?



ለጉባኤ፣ ለሠርግ ወይም ለሥራ ወደ ድሬዳዋ የሚመጡ ወገኖች "ሁለት ሦስት ሰዓት ቢተርፈን ምን እንይ?" ብለው ይጠይቃሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት መልስ አጭር ነው፦ ከዚራን ዞር ዞር በሉ፣ ቀፊራ ገበያን እዩ፣ ሲመሽ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣችሁ ንፋስ ተቀበሉ። ጥሩ ምክር ነው። ነገር ግን ታሪኩን ሳያውቅ ከተማ የሚዞር ሰው የሚያየው ግድግዳና ዛፍ ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ ከዚራን በእግሩ ለሚዞር ክርስቲያን የተዘጋጀ ነው። መንገዱን በቅደም ተከተል እንሄዳለን፤ በየቦታው ቆም ብለን የሆነውን እናስታውሳለን፤ በመጨረሻም የእግዚአብሔር ቃል በሰው አገር ስለ መኖር የሚለውን ከዚህች ከተማ ታሪክ ጋር አያይዘን እናያለን።

አስቀድሞ አንድ ምክር፦ ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። ጉብኝቱን ማለዳ ጀምሩ፤ ካልሆነም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ውጡ። በቀትር ሱቁም ሰውም ያርፋል፤ እናንተም ብታርፉ ይሻላል።

1. ምድር ባቡር ጣቢያው

ከዚራን ለማወቅ መነሻው የድሮው ባቡር ጣቢያ ነው፤ ሰፈሩ የተወለደው ከዚያ ነውና። በ1886 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ የመሥራት ፈቃድ ሰጡ፤ ፈቃዱ ለ99 ዓመት ነበር። ኢልግ ሌዎን ሸፍኔ ከተባለ ፈረንሳዊ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ፤ ሥራውም በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ በኩል ተጀመረ።

የመጀመሪያው ሐሳብ ሐዲዱን ወደ ሐረር ማውጣት ነበር። ሐረር ጥንታዊት የንግድና የሃይማኖት ከተማ ናት፤ የቡናውም የቆዳውም ንግድ እዚያ ነበር። ሆኖም ከተማዋ ተራራ ላይ ስለሆነች ባቡሩን ወደዚያ ማውጣት ከኩባንያው አቅም በላይ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ በሜዳው እንዲያልፍ ተወሰነ። ከጅቡቲ ወደ 310 ኪሎ ሜትር የሚርቀው ይህ መስመር ታኅሣሥ 15 ቀን 1895 ዓ.ም. ተመረቀ። አዲሷን ጣቢያ በዚያ ዘመን "አዲስ ሐረር" ይሏት ነበር። ስሙ ግን አልዘለቀም፤ ሶማሌውም ኦሮሞውም በየቋንቋው የሚተረጉመው የአገሬው ስም ድሬዳዋ ጸና።

ቀጥሎ የሆነው ነገር የከተማዋን ዕድል ወሰነ። ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት። የፈረንሳይ መንግሥት በ1894 ዓ.ም. ድጎማ ሲሰጠው ምኒልክ አልወደዱትም፤ የግል ኩባንያ ነው የተባለው ሥራ የውጭ መንግሥት እጅ እየገባ መሆኑን ተረድተው ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1907 ከሰረ፤ በ1908 አዲስ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ኩባንያ ተተካ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ከእነዚህ ዓመታት በብዙዎቹ የመስመሩ መጨረሻ ድሬዳዋ ነበረች። ከመርከብ ወርዶ በባቡር የመጣው ዕቃ ሁሉ እዚህ ይራገፋል፤ ከዚህ ወደ መሐል አገር የሚሄደው በግመልና በበቅሎ ነው። መጋዘን፣ የጉምሩክ ሥራ፣ ማደሪያ፣ ነጋዴ፣ ተሸካሚና አስተርጓሚ የተከማቸው በዚህ ምክንያት ነው። ከተማዋ ያደገችው ባቡሩ ቆሞ በጠበቀባቸው ዓመታት መሆኑን ልብ በሉ።

2. የከዚራ ጎዳናዎች

ከጣቢያው ፊት ለፊት ሲወጡ ጎዳናዎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። እርስ በርሳቸው በማዕዘን ይቋረጣሉ፤ ግራና ቀኙን ዛፍ ያጠላባቸዋል፤ ቤቶቹ ዝቅ ያሉ፣ በረንዳ ያላቸው፣ የመስኮታቸው መዝጊያ ሙቀቱን እንዲከላከል ተደርጎ የተሠራ ነው። አዲስ አበባ በየመኳንንቱ ሰፈር ዙሪያ፣ ኮረብታውንና ወንዙን እየተከተለች ያደገች ከተማ ናት። ከዚራ ግን አስቀድሞ በወረቀት ላይ ተሰመረች፤ ከዚያ በኋላ መሬት ላይ ተተከለች።

ይህ አሠራር ከየት መጣ? ከፈረንሳይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1853 ጀምሮ ባሮን ኦስማን የፓሪስን ጠባብና ጠማማ መንደሮች እያፈረሰ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችን ከፈተ፤ ዛፍም ተከለባቸው። ከዚያ በኋላ ፈረንሳውያን መሐንዲሶች በሄዱበት አገር ሁሉ ከተማ ማለት ቀጥ ያለ መንገድ፣ አደባባይና ጥላ ሆነ። ፓሪስን የማየት ዕድል ያገኘ ሰው ከዚራ ሲደርስ ትንሽ የሚያውቀው ነገር ያለ ቢመስለው አይገርምም።

እዚህ የኩባንያው ሠራተኞች፣ ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ጣሊያኖች፣ ሕንዶችና ዐረቦች ኖረዋል፤ ነግደዋል። ፈረንሳይኛ የምድር ባቡር የሥራ ቋንቋ ስለነበር ብዙ የአገራችን ሰዎች ሙያውን ከነቋንቋው ተማሩ። ከባቡር ነጂው እስከ ወርክሾፑ ሠራተኛ ድረስ "የምድር ባቡር ሰው" መባል ክብር ነበረው። የእነዚያ አባቶች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም በከተማዋ አሉ።

ጎዳናውን ስታልፉ ቀይ አበባ የሚያብበውን ሰፊ ዛፍ እዩ። በመላው አገራችን "የድሬዳዋ ዛፍ" ይባላል። የዚህ ዛፍ የትውልድ አገሩ ግን ማዳጋስካር ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ዛፍ በዚህ አፈር ሥር ሰዶ፣ ለመንገደኛ ጥላ ሆኖ፣ በመጨረሻ የከተማዋን ስም ተሸከመ። ይህን ዛፍ አስታውሱት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

3. በዚህ ጣቢያ ያለፉ

ወደ ጣቢያው ዞር ብላችሁ እዩና ስንቱ እንዳለፈበት አስቡ። በ1920ዎቹ መባቻ ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበር። ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት ደግሞ አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። በታኅሣሥ 1920 ዓ.ም. በዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚመሩት፣ በኋላ በሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ስም በደቡብ ኢትዮጵያ ያገለገሉት ሚስዮናውያን አዲስ አበባ የደረሱት በዚህ መስመር ነው። ዛሬ በወላይታ፣ በሲዳማና በሌሎችም ቦታዎች የምናያቸውን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ስንናገር ይህን ሐዲድ እምብዛም አናነሣውም።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በእንግሊዝ መርከብ ወደ ኢየሩሳሌም ለስደት ሄዱ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በግንቦት መጀመሪያ፣ ከአዲስ አበባ በባቡር የመጣው የጣሊያን ጦርና ከደቡብ ምሥራቅ የገሠገሠው የግራዚያኒ ጦር በድሬዳዋ ተገናኙ። አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ በመጋቢት 1933 ዓ.ም.፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡት ደቡብ አፍሪካውያን ከተማዋን ያዙ። በድሬዳዋ የሚገኘው የጦርነቱ ሟቾች መቃብር የዚያ ዘመን ምስክር ነው፤ ከሩቅ አገር የመጡ ወጣቶች እዚህ አርፈዋል። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ደግሞ የሶማሊያ ጦር በታንክ ከተማዋ ደጅ ደርሶ፣ ከብርቱ ውጊያ በኋላ ተመለሰ።

ንጉሥም ወራሪም፣ ነጋዴም ሚስዮናዊም በዚህ በር ገብቶ በዚህ በር ወጥቷል። ሁሉም መንገደኛ ነበር። ለከተማዋ የተረፈላት ነገር ግን እንደ እያንዳንዱ መንገደኛ አኳኋን ይለያያል።

4. የደቻቱ ድልድይ

ከከዚራ ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ደቻቱ ላይ ትደርሳላችሁ። በበጋ የመጣ ሰው "ወንዙ የታለ?" ይላል፤ የሚታየው ሰፊ አሸዋ ነውና። ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፦ በምዕራብ ከዚራ፣ በምሥራቅ መጋላ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ይህ አሸዋ የመሬት ብቻ ሳይሆን የኑሮም ድንበር ነበር። በምዕራቡ ወገን በፕላን የተሠራው የኩባንያው ሰፈር፣ በምሥራቁ ወገን ነጋዴውና የጉልበት ሠራተኛው እንደ አቅሙ የቆረቆረው ሰፈር አደገ።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ከንጋት በፊት፣ ሰው በተኛበት፣ በተራሮቹ ላይ የዘነበው ዝናብ በደቻቱ ወርዶ ከተማዋን መታ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ። እጅግ የተጎዱት በወንዙ ዳርና ዳር የሚኖሩ ድኾች ነበሩ። በዚያ ሰሞን ማን ክርስቲያን፣ ማን ሙስሊም፣ ማን ከየትኛው ብሔር እንደሆነ ሳይጠየቅ ሬሳ ተፈልጓል፤ ልጅ ታቅፏል፤ እንጀራ ተካፍሏል። ድልድዩ ላይ ስትደርሱ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ለአንድ ደቂቃ ዝም በሉ።

5. መጋላና ቀፊራ

ብዙ እንግዳ ከድልድዩ ይመለሳል። ከዚራን ብቻ ያየ ሰው ግን ድሬዳዋን አላየም። መጋላ የሚለው ቃል ራሱ በአካባቢው ቋንቋዎች ከተማንና ገበያን ያመለክታል። መንገዶቹ ጠበብ ያሉ ናቸው፤ ሰው ይበዛል፤ የመስጊዱ አዛን፣ የባጃጁ ጥሩምባና የነጋዴው ጥሪ አንድ ላይ ይሰማል። ቀፊራ ገበያ ቅስት በሮቹን አልፋችሁ ስትገቡ ከገጠር አትክልትና ፍራፍሬ ይዘው የመጡ የኦሮሞ እናቶች፣ የሶማሌ ነጋዴዎች፣ ሐረሪዎች፣ አማሮች፣ ጉራጌዎች ታገኛላችሁ። አንድ ሻጭ ለሦስት ገዢ በሦስት ቋንቋ ሲመልስ መስማት እዚህ ብርቅ አይደለም። ሰላምታ አቅርቡ፤ "አቦ!" ብሎ የሚቀበላችሁ አታጡም። ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ በጸሎት ሰዓት በመስጊድ ደጅ መንገድ አትዝጉ። ይህም ምስክርነት ነው።

6. ዝም ያለው ሐዲድ

የድሮው ባቡር ቀስ በቀስ ደከመ። ሐዲዱ አረጀ፤ ጭነቱ ወደ መኪና ሄደ፤ ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር ቆመ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ተመረቀ። አዲሱ ጣቢያ ግን ከከዚራ ርቆ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። ሐረርን ትቶ በሜዳው ያለፈው ሐዲድ ከተማ ወለደ፤ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ ሌላ ሐዲድ የእርሷን ልብ ትቶ በዳር አለፈ። "ድሬ ያበቃላት ያን ጊዜ ነው" የሚሉ አሉ። ነገር ግን ከተማዋ አለች። ሰዎቹ አሉ። ኩባንያው የሠራው ጣቢያ ዝም ቢልም የጣቢያው ሰዎች የሠሩት ኑሮ አልቆመም።

እኛስ እንዴት ያለን መንገደኞች ነን?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። እኛ ወንጌላውያን "በዚህ ምድር እንግዶች ነን" ማለት እንወዳለን፤ ደግሞም እውነት ነው። የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 11 አባቶቻችን በምድር ላይ መጻተኞች መሆናቸውን እንደታመኑ ይነግረናል፤ ሐዋርያው ጴጥሮስም በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 2 አማኞችን በዚሁ ስም ይጠራቸዋል። ችግሩ ከቃሉ ሳይሆን ከአጠቃቀማችን ነው። "አላፊ ነን" የሚለው እምነት የሰፈሩ ቦይ ሲደፈን፣ ጎረቤት ሲያዝን፣ የከተማው ወጣቶች በብሔርና በሃይማኖት ሲጋጩ "እኛን አይመለከተንም" ለማለት ምክንያት ሆኖ ያውቃል። የእሑድ መዝሙራችን ሞቅ ብሎ ሳለ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከተማዋ በእኛ መኖር ያገኘችው ነገር ከሌለ፣ እንግድነታችን የኩባንያ እንግድነት ሆኗል ማለት ነው፦ ውል ይዞ መምጣት፣ ጥቅሙን መውሰድ፣ ጊዜው ሲያልቅ መሄድ።

የነቢዩ ኤርምያስን ደብዳቤ እናንሣ። ምዕራፍ 29 በባቢሎን ላሉ ምርኮኞች የተጻፈ ነው። ያችን ከተማ አልመረጧትም፤ አልወደዷትም፤ ቶሎ ሊወጡ ይመኛሉ። በምዕራፍ 28 ሐናንያ የተባለው ሐሰተኛ ነቢይ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ነገር እንደሚመለስ ተንብዮ ነበር። እግዚአብሔር ግን በኤርምያስ በኩል ሌላ ነገር ተናገረ፦ ሰባ ዓመት ትቆያላችሁ፤ ቤት ሥሩና ተቀመጡ፤ አትክልት ተክሉ፤ ልጆቻችሁን ዳሩ፤ የከተማይቱን ሰላም ፈልጉ፤ ስለ እርሷም ጸልዩ፤ የእናንተ ሰላም በእርሷ ሰላም ውስጥ ነውና።

ብዙዎቻችን የዚህን ምዕራፍ ቁጥር 11 በቤታችን ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል። ጌታ ለእኛ ስላለው መልካም ሐሳብና ስለ ተስፋ የሚናገረው ጥቅስ ነው። ቁጥር 7ን የሰቀለ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። ሁለቱ በአንድ ደብዳቤ፣ ለአንድ ሕዝብ፣ በአንድ ቀን የተላኩ ናቸው። የራሳችንን ተስፋ ቆርጠን ወስደን የከተማይቱን ሰላም ልንተወው አንችልም።

ከራሳችን ታሪክ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ከጣሊያን መውጣት በኋላ ወደ አገራችን የመጡት የሜኖናይት ሚስዮናውያን በዚሁ የባቡር መስመር ላይ ባሉት በናዝሬትና በድሬዳዋም አገልግለዋል። በናዝሬት ሆስፒታል ከፍተው በሽተኛ አክመዋል፤ ወንጌልን ከአገልግሎት ጋር አያይዘው አስተምረዋል። ከዚህ ሥራ የተወለደችው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿ ታሰሩ። ያን ጊዜ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። ሕንፃ የሌላት፣ በየቤቱ በጥቂት በጥቂት የምትሰበሰብ ሆነች። ደርግ ሲወድቅ ግን አባላቷ ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። የውጭ አገር ሰዎቹ ሄደዋል፤ ሕንፃው ተወስዷል፤ በጎረቤትና በቤተሰብ መካከል ሥር የሰደደው እምነት ግን ከነፍሬው ቀረ።

ያ ቀይ አበባ ያለው ዛፍ ትዝ ይበላችሁ። እንግዳ መሆኑ ሥር እንዳይሰድ አልከለከለውም። ለሚያልፈው ሁሉ፣ ማንነቱን ሳይጠይቅ፣ ጥላ ሰጠ። እኛም አገራችን በሰማይ መሆኑን ስለምናውቅ በዚህ ምድር ሳንስገበገብ ልንተክል፣ ልንሠራ፣ ልናገለግል እንችላለን። ከተማይቱን ልንወርሳት የምንሻማ ስላልሆንን ልንወድዳት ነጻነት አለን።

ስለዚህ ከዚራን የምትጎበኙ ወገኖች ሆይ፣ በሦስት ቦታ ቆማችሁ ጸልዩ። በጣቢያው፣ ሥራ ላጡና መንገድ ለጠፋባቸው ወጣቶች ጸልዩ፤ ከመካከላቸው በአደገኛ መንገድ ወደ ጅቡቲና ወደ ባሕር ማዶ ለመሰደድ የሚያስቡ አሉ። በደቻቱ ድልድይ ላይ፣ ዛሬም በወንዝ ዳር ለሚኖሩት ጸልዩ። በመጋላ፣ ለሰላምና ለመልካም ጉርብትና ጸልዩ፤ ከዚያም ከአንዲት እናት ብርቱካን ግዙና ስለ ልጆቿ ጠይቋት።

በድሬዳዋ የምንኖር ደግሞ ከእንግዶቹ የሚበልጥ ዕዳ አለብን። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ከእምነታችን ውጭ የሆነ አንድ ጎረቤት ቤት ለቡና እንሂድ፤ ያለብንን የዕድርና የቀበሌ ሥራ ሳናጉረመርም እንሥራ። ይህን የማያነብ ወገን ቢኖር አንብባችሁ አሰሙት። ኢየሱስ ክርስቶስን ገና ያላወቃችሁና እውነትን በመፈለግ ላይ ያላችሁ አንባብያንም ብትሆኑ፣ እርሱ የሰማይን ክብር ትቶ ወደ እኛ ሰፈር መጥቶ የኖረ፣ ያገለገለና ስለ እኛ የሞተ ጌታ መሆኑን ልንነግራችሁ እንወዳለን። በተነሣው ጌታ የሚታመን ሁሉ ከእንግዲህ በእግዚአብሔር ቤት እንግዳ አይደለም።

የሰላም አምላክ ከተማችንንም የእናንተንም ከተማ ይጎብኝ። አሜን።